የቆመው እግር

ለአራተኛ ክፍል ልጆች ኳስ ማቀበል ሳስተምር አንድ ወር ሙሉ የጮህኩት አንድ ነገር ነው፦ «አስተካክላችሁ!» እነሱም «እሺ ቲቸር» ይላሉ። ኳሷ ግን ወደ አጥሩ ትሄዳለች።

የባሕር ዳር ልጅ ደግሞ ሰበብ አያጣም። ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል ነፋስ ሲነሳ «ቲቸር፣ ነፋሱ ወሰዳት!» ይሉኛል። መሬት ለመሬት የምትንከባለል ኳስ!

የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነበር። ልጆቹ 62፣ ኳሱ 4፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ። በረድፍ አሰልፌ ተራ በተራ ሳስመታ አንድ ልጅ ኳስ የሚነካው አምስት ስድስት ጊዜ ቢሆን ነው። ቀሪውን ሰዓት ሰልፍ ላይ ሲጓተት ይውላል። በዚህ ላይ ኳሶቻችን ባለ 5 ቁጥር ናቸው፤ ዙሪያቸው 70 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ የትልቅ ሰው ኳስ። ለዚህ ዕድሜ የሚመከረው 4 ቁጥር ነው። ማን ይገዛል?

ስለዚህ «የካልሲ ኳስ ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። እሱን መሥራት ማንም አያስተምራቸውም። በማግስቱ ሃያ የሚሆን ኳስ መጣ። ሦስት ሦስት አድርጌ መደብኳቸው። በመሃላቸው ሁለት ድንጋይ፣ በድንጋዮቹ መሃል አንድ እርምጃ ክፍተት። ኳሷ በዚያ በር ካላለፈች አትቆጠርም። የካልሲ ኳስ እንደ እውነተኛው አይንከባለልም፤ የመጨረሻዋን አሥር ደቂቃ በዋናዎቹ ኳሶች እየተፈራረቁ ይሠሩ ነበር። ግን ቢያንስ ሁሉም ይመታል።

እንዲያም ሆኖ ኳሷ በሩን ትስት ነበር። መልሱን ያገኘሁት ከጭቃው ነው።

መስከረም መጨረሻ፣ ሌሊት ዘንቦ ያደረ ጠዋት። አንዱ ልጅ በቀኝ እግሩ መታ፤ ኳሷ ከድንጋዩ ወደ ግራ ወጥታ አጥሩ ሥር ያለው ዘንባባ ጋ ቆመች። ልጁ ሊያመጣት ሲሮጥ እኔ የቆመበትን አየሁ። የግራ ጫማው ዱካ ጭቃው ላይ ጥርት ብሎ ታትሟል። ጫፉ የሚያየው ጓደኛውን አይደለም፤ ዘንባባውን ነው! የሌሎቹንም ዱካ እየዞርኩ አየሁ። ኳሷ የሄደችው በአብዛኛው የቆመው እግር ወዳሳየው ነው። እኔ ወር ሙሉ ያየሁት የሚመታውን እግር ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ «አስተካክላችሁ» ማለቱን ተውኩት። «የቆመው እግር ከኳሷ ጎን፣ ጫፉ ወደ ጓደኛችሁ» አልኩ። ዱካቸውን ራሳቸው ጎንበስ ብለው ያያሉ። በጣታቸው ጫፍ ለሚመቱት የእግራቸውን ውስጠኛ ጎን ጠመኔ ቀባሁላቸው። ኳሷ ላይ ነጩ ካልታየ በጫፍ መትተዋል ማለት ነው። ቁርጭምጭሚታቸው እንዳይላላ ደግሞ «የሚመታውን እግር ጣት ወደ ላይ ቀና» ይበቃል። «አጠንክሩ» ስላቸው ትከሻቸውን ነበር የሚያጠነክሩት።

ከሁሉ ቀድማ የገባት ኳስ ተጫውታ የማታውቅ ልጅ ናት። ወንዶቹ መጀመሪያ ስቀውባት ነበር። እሷ ግን የምትረሳው የመንደር ልማድ የላትም።

የተሳሳትኩት ሌላም አለ። ቶሎ ብዬ «ቀድሞ አሥር የሞላ ያሸንፋል» አልኩ። የተማሩት ሁሉ በአንዴ ጠፋ፤ ጥድፊያ፣ የጣት ጫፍ፣ ጭቅጭቅ። ውድድሩን በሁለት ሳምንት አዘገየሁት። ያኔም የሚቆጠረው ፍጥነት ሳይሆን ሳይስቱ በተከታታይ ያሳለፉት ነው።

ኅዳር ሲገባ መሬቱ ደረቀና ዱካ ጠፋ። አሁን በምንመታበት ቦታ አሸዋ እንበትናለን። ባለፈው ሳምንት አንዱ ሳተና «ቲቸር፣ ነፋሱ...» ብሎ ጀመረ። ወደ አሸዋው አቀረቀረ። ከዚያ ምንም ሳይል ኳሷን ሊያመጣ ሄደ።