የአይጦቹን ልብ ስመዝን

እናቴ የደም ግፊት አለባት። ጠዋት ጠዋት ክኒኗን ትውጥና የሺፈራው ሻይ ታስከትላለች። የማስተርስ ጥናቴን በሺፈራው ላይ ልሠራ ነው ስላት ሳቀችብኝ። «እኔ ሞክሬው የለ እንዴ፣ ደግሞ ምን ያስጠናዋል?»

መጀመሪያ ቅጠሉን አበላሸሁት። አርባ ምንጭ ሄጄ፣ ትኩሱን ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባሁ። ስከፍተው ታፍኖ ጠቁሯል፣ ይሸታል። በሁለተኛው ጉዞ እዚያው ጥላ ሥር አስጥቼ አደረቅሁት። አንድ ቅርንጫፍም የዕፅዋት ናሙና ደርቆ ለሚቀመጥበት ለብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ዝርያው እንዲረጋገጥ ለየሁ። ይሄ ለወጉ ያህል አይደለም። ኮንሶና ጋሞ ጓሮ የሚበቅለው የእኛው ሺፈራው አለ፤ ከህንድ የመጣ ዘመዱም በዚሁ ስም ይጠራል። አንዴ ዱቄት ከሆኑ ማን ይለያቸዋል?

አይጦቹን ግፊት ለማስያዝ ኤል-ኔም የሚባል ኬሚካል ይሰጣቸዋል። የደም ሥርን የሚያላላው ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዳይመረት ያግዳል። ሥሩ ይጠባል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ሲሰነብት ልብም ይጎዳል። አንዱ ቡድን ኤል-ኔም ብቻ፣ ሌላው ኤል-ኔም ከሺፈራው ንጥር ጋር፣ ሦስተኛው ካፕቶፕሪል ከሚባለው የታወቀ የግፊት መድኃኒት ጋር ይወስዳል። ምንም የማይነካ ቡድንም አለ።

ግፊታቸው የሚለካው ጭራቸው ላይ ነው። እኛ ክንዳችን ላይ እንደሚታሰርልን፣ ለነሱም ጭራቸው ላይ ትንሽ ማሰሪያ ይጠልቃል። የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሬ ጉድ ነበር። ምንም ያልወሰዱት ሳይቀሩ ግፊታም ሆነው አረፉት! የላብራቶሪው ቴክኒሻን ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «አንተ እኮ ፍርሃታቸውን ነው የምትለካው» አለኝ። እውነቱን ነው። ሙከራው ሳይጀመር በፊት መያዣው ውስጥ በየቀኑ እያስገቡ ማለማመድ ያስፈልጋል። ጭራውም መሞቅ አለበት፤ ከቀዘቀዘ ሥሩ ይኮማተርና መሣሪያው ምት አያገኝም።

ከሁሉም የቆጨኝ የልቡ ሚዛን ነው። ግፊት ወረደ ማለት ልብ ተረፈ ማለት አይደለም። እንደ ሃይድራላዚን ያለው ግፊት አውራጅ መድኃኒት እንኳ በግፊት ጡንቻው የወፈረውን ልብ ላይመልሰው ይችላል። ስለዚህ ልቡን ለብቻው መዝኜ ለሰውነት ክብደት አካፈልኩ። ኤል-ኔም ብቻ የወሰዱት ልባቸው «አድጎ» ተገኘ። ደስ ብሎኝ ለአማካሪዬ ላክሁለት። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «አይጦቹ ከስተው ይሆን?»

ከስተዋል። አካፋዩ ሲያንስ፣ ልቡ ቅንጣት ባይጨምርም ቁጥሩ ያድጋል። ለቅልጥም አጥንት ርዝመት ማካፈል የሚሻለው ለዚህ ነው። ሰውነት ቢከሳ አጥንት አያጥርም። ቅልጥሞቹን ግን ከሬሳው ጋር አስወግጃቸዋለሁ። እንደገና አይጥ፣ እንደገና ከዜሮ።

ስጨርስ እናቴ ጠየቀችኝ። «ታዲያ ክኒኑን ልተወው?»

«በፍጹም እማዬ! እኔ ያየሁት የአይጥ ልብ ነው። ሻዩን እንደምትጠጪም ለሐኪምሽ ንገሪው።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ታዲያ ምን ስትሠራ ነበር?»

«ቅልጥም ስለካ» አልኳት።