ዶቃው ነው ወይስ እጣቢው?

ላብራቶሪያችን ውስጥ ኢንተርፌሮንን አጋሮዝ ከሚባል ጄል የተሠሩ ጥቃቅን ዶቃዎች ላይ አጣብቀን፣ ሴሎችን ከቫይረስ ያድን እንደሆነ እንፈትሽ ነበር። ኢንተርፌሮን በቫይረስ የተጠቃ ሴል የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው፤ ለጎረቤቶቹ "ተዘጋጁ" የሚል መልእክት ያደርሳል። ሳይንቲስቶቹ አይዛክስና ሊንደንማን ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1957 ነው ያገኙት። ዶቃ ላይ የማጣበቁ ሐሳብም አዲስ አይደለም፤ በ1973 ታትሟል። ጥያቄው ግን ዛሬም ይማርከኛል። ፕሮቲኑ የግድ ሴሉ ውስጥ መግባት አለበት ወይስ በሩን ማንኳኳቱ ይበቃል? ዶቃው ከሴሉ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ሴሉ ሊውጠው አይችልም፤ ስለዚህ ዶቃው ላይ የተጣበቀው ኢንተርፌሮን ሴሉን ካዳነ፣ ማንኳኳቱ ይበቃል ማለት ነው።

አንድ ጠዋት ባልደረባዬ ክሪስታል ቫዮሌት በሚባል ቀለም የተቀባ ፕሌት፣ ሴሎች የሚያድጉባቸው ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉት ሳህን፣ ይዛ መጣች። በሕይወት ያለ ሴል ከሥሩ ተጣብቆ ሐምራዊ ይሆናል፤ የሞተው ታጥቦ ይሄዳል። ዶቃ የገባባቸው ጉድጓዶች ድምቅ ያለ ሐምራዊ፣ ቫይረስ ብቻ ያገኛቸው ባዶ። እንዴት እንደሚያምር!

"በቃ፣ ለአለቃችን እናሳያቸው" አለች።

"ቆይ እስቲ፣ ዶቃው ያደረበትን ፈሳሽ ለብቻው ሞክረሽዋል?"

አልሞከረችም። ዶቃዎቹን ሴል በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ አሳደርናቸው። በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ ጠጣሩን ከፈሳሹ በሚለይ መሣሪያ) አዙረን ዶቃውን አስቀረንና ፈሳሹን ብቻ አዲስ ሴሎች ላይ ጨመርን። ከዚያ ቫይረሱን። እነዚያም ሐምራዊ ሆነው ወጡ።

ኢንተርፌሮኑ ከዶቃው እየለቀቀ ነበር ማለት ነው። ፕሮቲኑን ከዶቃው ጋር ያጣበቅንበት፣ ሳይኖጅን ብሮማይድ በሚባል ኬሚካል የሚሠራው ማያያዣ ቀስ በቀስ እንደሚለቅ የታወቀ ነው። ኢንተርፌሮን ደግሞ በፒኮሞላር፣ ማለትም እጅግ በጣም ጥቂት በሆነ መጠን እንኳ ይሠራል፤ ስለዚህ ትንሽ ፍሳሽ ሙከራውን ገደል ይከተዋል። ያ ሁሉ ያማረ ፕሌት ስለ ዶቃው ምንም አልነገረንም። ፕሮቲን ጠጣር ነገር ላይ አጣብቆ የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት ይህንን ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

እሷም ጊዜ አላጠፋችም፤ ማጠብ ጀመረች። በጨው፣ አንዴ በአሲዳማ አንዴ የአሲድ ተቃራኒ በሆነ (ቤዝ) ፈሳሽ። የያዝነው አልፋ የሚባለው የኢንተርፌሮን ዓይነት ስለሆነ አሲድ ይችላል። እያጠበች እጣቢውን ሴል ላይ ትሞክራለች። በመጨረሻ እጣቢው አንድም ሴል የማያድን ሆነ። ዶቃው ግን ደከም ቢልም ማዳኑን አልተወም።

ያኔ አመንኩ። ሴሉ ገጽ ላይ ያለው ተቀባይ ኢንተርፌሮኑን ሲይዝ ጃክ1 እና ታይክ2 የሚባሉ ኢንዛይሞች ይነቃሉ። እነሱ ስታት1ና ስታት2 የሚባሉ ፕሮቲኖችን ቀስቅሰው ወደ ኒውክሊየስ ይልካሉ፤ ቫይረስን የሚከላከሉ ጂኖችም ሥራ ይጀምራሉ። መልእክቱን ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ሴሉ ራሱ ነው፤ ኢንተርፌሮኑ እዚያው ዶቃው ላይ እንደተጣበቀ ነው።