ራሾች ወደቀዱበት ሐይቅ

ከቶሮንቶ ሞንትሪያል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን የሚወስደውን 15 ቁጥር አውራ ጎዳና ያዝን። ሕንፃው እየሳሳ፣ ጫካው እየጠቀጠቀ ሄደ። የሜፕል ዛፎቹ ቀልተዋል። ሎረንታይድ የሚባሉት ተራሮች ውስጥ ገብተናል ማለት ነው።

መድረሻችን ሞሪን ሃይትስ ነች፤ ትንሽ የኩቤክ ከተማ። ራሽ የተባለው የቶሮንቶ ሮክ ባንድ «ሙቪንግ ፒክቸርስ» የተሰኘውን አልበም የቀዳው እዚህ ነው። ጊዜው በፈረንጆች 1980፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ይህን ቦታ የማየት ፍላጎት ለዓመታት አብሮኝ ኖሯል።

መንገድ ላይ አልበሙን ለጓደኛዬ ከፈትኩለት። «ይሄን ሁሉ የሚጫወቱት ሦስት ሰዎች ናቸው?» አለኝ። አዎ፣ ሦስት ብቻ። አሌክስ ላይፍሰን ጊታር ነው። ኒል ፒርት ድራም ይመታ፣ ግጥሙንም ይጽፍ ነበር። ጌዲ ሊ ቤዝ ጊታር እየተጫወተ ይዘፍናል፤ በእግሩ ደግሞ የሲንተሳይዘር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር መሣሪያ፣ ፔዳል ይረግጣል። የሊ ወላጆች ከናዚ ካምፕ የተረፉ አይሁዶች ናቸው። የላይፍሰን ወላጆች ከዩጎዝላቪያ የመጡ ሰርቦች ናቸው። ሁለቱ ልጆች የተገናኙት ቶሮንቶ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ካናዳ ልጅ ለሚያሳድግ ሐበሻ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

ስቱዲዮው «ለ ስቱዲዮ» ይባል ነበር። በፈረንጆች 2017 እሳት በላው። ቦታው የግል ስለሆነ ከመንገዱ አላለፍንም። ሐይቁን ግን አየነው። የመቅጃ ክፍሉ ወደዚህ ውሃ የሚያይ ትልቅ መስታወት ነበረው። ሙዚቀኞቹ የሚያድሩት ማዶ ባለው ቤት ነው፤ አንዳንዴ በጀልባ እየቀዘፉ ወደ ሥራ ይገቡ ነበር። ይህ አልበም እንዲህ ያማረው ከከተማ ርቀው፣ ሌት ተቀን አንድ ቦታ ስለከረሙ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ዊች ሃንት» የሚለው ዘፈን ሲጀምር የተቆጣ ሕዝብ ሲያጉረመርም ይሰማል። ያ ሕዝብ እነሱው ናቸው። ከሠራተኞቻቸው ጋር ስቱዲዮው ደጃፍ ላይ ወጥተው፣ ብርዱን በውስኪ እየተከላከሉ ጮኹ። ድምፁን ደጋግመው ቀድተው አንዱን በሌላው ላይ ደረቡት። በቃ፣ ጥቂት ሰው መንጋ ሆነ። እኛ የቆምንበት ብርድ ጃኬት ያስቆልፋል፤ እነሱ ደግሞ የባሰበት ወቅት ላይ ነበሩ።

«ቶም ሶየር» የሚለው ዘፈን የዋዛ አልነበረም። ፒርት ድራሙን ለመቅዳት አንድ ቀን ተኩል ያህል ፈጅቶበታል። ሲጨርስ እጁም እግሩም ቀልቶና ተልጦ ተዘረረ። ዘፈኑን ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል፤ አራት ደቂቃ ተኩል ያህል ለሚፈጅ ነገር የተከፈለ ዋጋ ነው። ፒርት ጥር 2020 አረፈ።

እኔ ከሁሉም የምወደው ግን ግጥም የሌለውን ነው። ቶሮንቶ የበረረ ሁሉ ሻንጣው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያውቀዋል፤ ዋይ፣ ዋይ፣ ዜድ ይላል። የፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ መለያ ነው። የዘፈኑም ስም ይኸው ነው። ፊደሎቹን በሞርስ ኮድ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፊደል በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚገለጽበት የቴሌግራም ዘዴ፣ አውጥተው ምት አደረጓቸው። ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ ረጅም። ይህ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ቀጥሎ ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር። መኪናው ውስጥ ዳሽቦርዱን በጣታችን እየመታን ቆጠርነው። በአምስት የሚሄድ ምት ነው፤ በአራት የለመደ ጆሮ መጀመሪያ ይደናገራል። መሐል ላይ እንደ ጅራፍ የሚጮኸው ደግሞ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ከእንጨት ወንበር ጋር እያጋጩት ቀዱት።

አልበሙ የካቲት 1981 ወጣ። ካናዳ ውስጥ አንደኛ፣ አሜሪካ ውስጥ ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ።

በማግስቱ ቶሮንቶ ስንገባ ኩዊንስ ፓርክ ጎራ አልን። የአልበሙ ሽፋን ፎቶ የተነሳው የኦንታሪዮ ምክር ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ሽፋኑ ላይ ሰዎች ትልልቅ ሥዕሎች ተሸክመው ሲያልፉ ይታያሉ፤ ከኋላቸው ያሉት ሦስቱ ቅስቶች እዚያው አሉ። ሞሪን ሃይትስ የሚርቀው ሰው በሳብዌይ ኩዊንስ ፓርክ ጣቢያ ይውረድ፤ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው።