«ለገመዱ ከፍያለሁ»

ነገሩ የተጀመረው በተራራ ጉዞ ላይ፣ ሸንተረሩ ላይ ካሉት የድንጋይ ማማዎች ሁለተኛው ጋ ነው። ሸንተረሩ እዚያ ሲደርስ ሁለት እግር ጎን ለጎን አያስቆምም፤ በግራ ቀጥ ያለ ገደል፣ በቀኝ ደግሞ ሲረግጡት የሚሸሽ የላላ ድንጋይ ነው። መሪው ከፊት፣ ረዳቱ ከኋላ፣ አራት ተጓዦች መሃል። ሦስተኛው ተጓዥ ወገቡ ላይ ቀበቶ፣ ቀበቶው ላይ የሚንቀጫቀጩ ስድስት ካራቢነሮች (ገመድ የሚያያዝባቸው የብረት ቀለበቶች) አሉት። እሱ ነው የቆመው። ቆመ ከማለት ድንጋዩን አቀፈ ማለት ይሻላል።

ድንጋይ ማቀፍ ደግሞ ከሁሉ የከፋው አቋቋም ነው። ደረት ወደ ድንጋዩ ሲለጠፍ ዳሌ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ክብደቱ ቁልቁል ጫማው ላይ መውረዱ ይቀርና ጫማውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። እግር የሚያዳልጠው ያኔ ነው። ሰውነት ከድንጋዩ አንድ ክንድ ያህል ሲርቅ፣ ተረከዝ ዝቅ ሲል፣ ዓይን የሚቀጥለውን መርገጫ ያያል፤ ሲታቀፍ ግን የሚታየው አፍንጫ ስር ያለው ድንጋይ ብቻ ነው።

«ገመዱን አውጣው እንጂ!» አለ ተጓዡ።

«እዚህ ጋ አያስፈልግዎትም» አለ መሪው።

«እንዴት አያስፈልገኝም? ለገመዱ ከፍያለሁ።»

«ከፍለዋል፤ እኛም ተሸክመንልዎታል።»

የመሪው መልስ አሁንም በሥራ ባልደረቦቹ ዘንድ እየተነሳ ይሳቅበታል። ትክክልም ነበር፤ ጊዜው ግን አልነበረም። ጉልበቱ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ቀልድ መርገጫ አይሆነውም። የሚጠቅመው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው፦ «ቀኝ እግርዎን አንድ ስንዝር ዝቅ ያድርጉ፤ እዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ።» እግሩ ሲያርፍ ትንፋሹ ይመለሳል፤ ከዚያ ሌላ አንድ ትእዛዝ። ሦስት ነገር ተጨብጦ አንድ ብቻ ይንቀሳቀሳል፦ ሁለት እጅና አንድ እግር፣ ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ። መያዣው ከመታመኑ በፊት በመዳፍ ይመታል፤ ባዶ እንስራ የመሰለ ድምፅ ካወጣ ይተዋል። የግድ ካስፈለገም ወደ ታች ይጫኑታል እንጂ ወደ ራስ አይስቡትም።

ረዳቱ ወጣት ነው፤ የከፈለ ሰው ሲቆጣ አንጀቱ አልቻለም። ከቦርሳው 30 ሜትሩን ገመድ አወጣና ተጓዡን በስምንት ቁጥር ቋጠሮ አሰረው። ሌላኛውን ጫፍ ራሱ ላይ። በመሃላቸው ስምንት ሜትር ያህል ገመድ ድንጋዩ ላይ ተጋድሟል። ቋጠሮው እንከን አልነበረውም።

መሪው ዘወር ብሎ አየ።

«ልጄ፣ ምን ላይ ነው ያሰርከው?»

«ከኔ ጋር ነው፣ ጋሼ።»

«አንተስ ምን ላይ ታስረሃል?»

ረዳቱ ወደ ቀበቶው አየ፤ ከዚያ ወደ ገመዱ። ዝም አለ።

ጥያቄው የሸንተረር ሥራ ሁሉ ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 ቀን 1865 ማተርሆርን የተባለውን የአልፕስ ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡት ሰባት ሰዎች ሲወርዱ በገመድ ተያይዘው ነበር። ከሁሉ ልምድ ያነሰው ሲያዳልጠው ሌሎች ሦስት ይዞ ሄደ፤ ገመዱ መሃል ላይ ተበጠሰና ሦስት ተረፉ። ድንጋይ ያልያዘው ገመድ ውድቀትን አያስቆምም፤ ያከፋፍላል። ስምንት ሜትር ሲላላ ደግሞ ይብሳል፤ የወደቀው ሰው ገመዱ እስኪወጠር ፍጥነት ያበጃል፣ ሲወጠር ሌላውን ከቆመበት ይነቅላል። ስለዚህ አብረው እየታሰሩ የሚሄዱ ከሆነ ገመዱ በሹል ድንጋዮች ግራና ቀኝ እየተጠላለፈ ማለፍ አለበት፤ በሁለቱ ሰዎች መካከል ምንጊዜም ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት የጸና ድንጋይ ይኑር። የሚጠላለፍበት ድንጋይ በሌለው፣ እንደ ቢላ ስለት በቀጠነ ሸንተረር ላይ የቀረው ምክር፣ ክብደታችሁ እንዲመዛዘን ጓደኛህ በግራ ሲወድቅ አንተ በቀኝ ዝለል የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ይሠራልም ይባላል፤ ለደንበኛ ግን የሚነገር አይደለም።

መሪው ገመዱን ሰብስቦ እጁ ላይ ጠቀለለና አንድ ሜትር ተኩል ብቻ አስቀረ። ተጓዡን ወደ ራሱ አስጠግቶ፣ ገመዱን ወጥሮ፣ እያንዳንዱን እርምጃ እየነገረ አሻገረው። ያ አያያዝ መንሸራተት ሳይጀምር የሚያቆም እንጂ የወደቀን ሰው የሚይዝ አይደለም፤ ተጓዡ ግን «ታሰርኩ» ብሎ ቀጥ አለ። ቀጥ ሲል ክብደቱ ጫማው ላይ ገባ፤ የሚያስፈልገውም ያ ነበር። ረዳቱ በአንድ በኩል ልክ ነበር ማለት ነው፤ መሪው ይህን እስከ ዛሬ አላመነም።

ሸንተረሩ አልቆ ወደ ታች ሲወርዱ ጥላ ውስጥ የተደበቀ አራት ሜትር የሚሆን ደረጃ ገጠማቸው። የድንጋይ ሽበት የያዘ እርጥብ ድንጋይ፤ መርገጫዎቹ ሁሉ ወደ ውጭ ያዘነበሉ። ከስሩ ጠባብ ሣር፣ ከሣሩ ቀጥሎ ቦይ የመሰለ ገደል። መሪው ሳይጠየቅ ገመዱን አወጣ። አንዱን ሹል ድንጋይ በተረከዙ መታው፣ አልተነቃነቀም። 120 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን ስሊንግ (ቀለበት ሆኖ የተሰፋ ጠንካራ ጥብጣብ) ከሹሉ ጫፍ ላይ ሳይሆን ከግርጌው ላይ አጠለቀ፤ ጫፉ ላይ ቢውል ድንጋዩን እንደ ዘንግ ይነቅለዋል። ራሱን በተወጠረ ገመድ እዚያ ላይ አስሮ ተቀመጠ፤ የሚቆለፈውን ካራቢነር ቆልፎ፣ ገመዱን በሰበቃ በሚይዘው በጣሊያን ቋጠሮ አንድ በአንድ አወረዳቸው፣ ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ፣ ጀርባቸውን ወደ ገደሉ።

ተጓዡ ታች ሆኖ ጠየቀ፦ «እዚያ ከልክለኸኝ እዚህ በዚህች ትንሽ ቁመት ታስረኛለህ?»

«እዚያ ድንጋዩ ደረቅ ነው፣ እንደ መሰላል ይያዛል። ጥልቀቱ ያስፈራል እንጂ አይጥልም።»

መሪው መጨረሻ ላይ ስሊንጉን ፈትቶ ያለ ገመድ ወረደ። ማንም አላየም፤ ሁሉም ካራቢነር እየፈቱ ነበር።

ተጓዡ አቤቱታ ጻፈ። ጉዞውን ያዘጋጀው ቢሮ በሳምንቱ መመሪያ አወጣ፦ በጠቅላላው ሸንተረር ላይ ተጓዦች ይታሰሩ። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ምን ላይ ይታሰሩ የሚለውን ዘልለውታል። ከሱ ጋር የመጣው ቅጽ «ገመድ ጥቅም ላይ ውሏል?» ብሎ ይጠይቃል፣ አዎ ወይም አይ። መሪው ከዚያ ወዲህ በየጉዞው «አዎ» ላይ ምልክት ያደርግና ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል፦ 4 ሜትር።