ስኳሬን ከፍ አድርጌ የተኛሁባቸው ዓመታት

እናቴን 9 ዓመት ሙሉ ዋሸኋት። ውሸቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። "ልጄ፣ መርፌሽን ወሰድሽ?" ትለኛለች በስልክ። "አዎ እማዬ፣ ወሰድኩ።" ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ እንሄዳለን።

ዓይነት አንድ ስኳር የያዘኝ በ14 ዓመቴ ነው። ውሃ ጠጥቼ አልረካም፣ ሌሊት አምስት ስድስቴ ሽንት ቤት እመላለሳለሁ፣ በአንድ ወር ውስጥ ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ። በመጨረሻ ቁና ቁና እየተነፈስኩ ሆስፒታል ገባሁ። ሐኪሙ ለእናቴ ብዙ ነገር አስረዳት። የራሴ የሰውነት መከላከያ ቆሽቴ ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች እንዳጠፋቸው፣ ጣፋጭ በልቼ ያመጣሁት በሽታ እንዳልሆነ፣ ከዚህ በኋላ ያለ መርፌ መኖር እንደማልችል። እሷ የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሀገር ለቅቄ እስክወጣ ድረስ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትነሳና ግንባሬን ትዳስሳለች። ደረቅ ከሆነ ተመልሳ ትተኛለች። ላብ ከነካት ትቀሰቅሰኛለች፣ ላብ ማለት ስኳር ወርዷል ማለት ነውና።

ስሰደድ መጀመሪያ ያጣሁት ያንን እጅ ነው። መጀመሪያ ላይ ግን አልገባኝም ነበር።

በመጀመሪያ ግራ ያጋባኝ መለኪያው ነው። ሀገር ቤት ስኳርን የምናውቀው በመቶ ቤት ነው፣ 120፣ 180፣ 300 እያልን። እዚህ የሰጡኝ መለኪያ 14 ብሎ ሲያወጣ የተበላሸ መሰለኝ። በ14ማ ሞቼ መሆን ነበረበት። በ18 ማባዛት እንዳለብኝ የነገሩኝ በኋላ ነው፤ 14 ማለት 252 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ በለመድነው በመቶ ቤቱ ነው የምቀጥለው።)

ያኔ ስኳሬን በደንብ ነበር የምይዘው። ነገሩ የተበላሸው በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ ሌሊት ነው። 12 ሰዓት ሙሉ ቆሜ ሠርቼ ገባሁ፣ ምግቤን አቀረብኩ፣ ለምግቡ የሚሆነውን ፈጣኑን ኢንሱሊን ወጋሁ፣ ሁለት ሦስቴ እንደጎረስኩ እንቅልፍ ጣለኝ። ምግቡ ሳይገባ ኢንሱሊኑ ስኳሬን አወረደው። ስነቃ ወለል ላይ ነኝ። ምላሴን ነክሼ አፌ ደም በደም ሆኗል፣ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ክንዴ ላይ ግሉኮስ ሰክተው ስሜን ይጠራሉ። አምቡላንስ የጠራችው ከጎኔ ያለው ክፍል ውስጥ የምትኖረው ልጅ ናት፣ ስወድቅ ድምፅ ሰምታ። ያን ሌሊት እሷም ሥራ ገብታ ቢሆን ኖሮስ? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ከጭንቅላቴ ማውጣት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ስኳሬ ከ250 በታች ከሆነ አልተኛም። በቃ። መጀመሪያ የማታውን ፈጣን ኢንሱሊን ግማሽ አደረግኩት። ከዚያ ዘለልኩት። ከዚያ የቀኑንም። የቀረችኝ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለች የምትሠራዋ አንዷ መርፌ ብቻ ናት፣ እሷንም ሳስታውስ። ለካ በሕይወት ያቆየችኝ እሷ ናት። እሷንም ጨርሼ ትቼ ቢሆን በጥቂት ቀናት ውስጥ ኬቶን፣ ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስብ እያነደደ የሚያመነጨው ነገር፣ ደሜን አሲድ አድርጎት እንደ 14 ዓመቴ ቁና ቁና ስተነፍስ ይገኙኝ ነበር።

ሰው ይህን ሲሰማ ግዴለሽ ነሽ ይለኛል። እኔ ግን በወቅቱ ሒሳብ የሠራሁ ነበር የሚመስለኝ። የወጣ ስኳር በዓመታት ነው የሚገድለው፣ የወረደ ስኳር ግን ዛሬ ማታ። ብቻዋን የምትኖር ሴት ነኝ። ቀስ የሚለውን መረጥኩ።

ሰውነቴ በእርግጥ ይናገር ነበር። ቁስል አይድንልኝም፣ እግሬ ሌሊት ይነዝረኛል፣ ስምንት ሰዓት ተኝቼ ሳልተኛ እንደነጋብኝ ሆኜ እነሳለሁ። ክብደቴም ቀነሰ። ለዚህ ደግሞ ይመርቁኛል! "ምን ብትሠሪ ነው እንዲህ ያማረብሽ?" ይሉኛል የሀገሬ ልጆች። ምን ልበላቸው፤ የበላሁት በሽንቴ እየወጣ ነው ልበል?

አሁን የምነግራችሁ ግን ከሁሉም ይበልጥ ያሳፍረኛል። የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ከማያቸው ሰዎች መካከል ስኳር ያለባቸው አሉ። ጣታቸውን ወግቼ እለካለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ መርፌያቸው አምስት ደቂቃ ቢዘገይ ነፍሴ አይረጋም። አንድ አዛውንት "እንዳንቺ ሰዓት የሚያከብር ሠራተኛ አላየሁም" ይሉኝ ነበር። የእኔ መለኪያ ግን ባትሪው አልቆ ቦርሳዬ ሥር ተኝቷል። ፍሪጄ ውስጥ ያልተከፈቱ የኢንሱሊን ካርቶኖች ተደርድረዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን የተወጋው ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል ልጅ 14 ዓመቱ ነበር፣ በሽታዬ ሲታወቅ እኔ በነበርኩበት ዕድሜ ማለት ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ልጆች ምንም ተስፋ አልነበራቸውም። እኔ መድኃኒቱን ከወተት ጀርባ ደብቄ ቀኑ እስኪያልፍበት እጠብቃለሁ።

ለክትትል ስቀርብ ደግሞ የስኳር መዝገብ ይጠይቁኛል። ስለዚህ ተራዬን እየጠበቅኩ እዚያው ወንበር ላይ የሦስት ወር ቁጥር እፈበርካለሁ። በአንድ ቀን የተጻፈ እንዳይመስል ሁለት እስክሪብቶ እይዛለሁ፣ ሰማያዊና ጥቁር። አንዳንዴ ገጹን ጨማደድ አደርገዋለሁ። የሦስት ወሩ የደም ምርመራ ግን አይታለልም። ኤ1ሲ ይሉታል፤ ቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው የሚለካው፣ ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ሁለት ቀን ብትጾሙ ምንም አይለውጥም። 7 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ነው የሚፈለገው። የእኔ 12.6 ነበር። ሐኪሞቹ በየጊዜው ይቀያየራሉ፣ ሁሉም ያንኑ ይነግሩኛል፤ ዓይንሽ፣ ኩላሊትሽ፣ እግርሽ። እኔም አንገቴን ነቅንቄ እወጣለሁ።

የያዘኝ ዓይኔ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ለእኚያው አዛውንት መርፌያቸውን ላዘጋጅ የኢንሱሊን ፔኑን አዙሬ ዩኒቱን ሳነብ ቁጥሩ ላይ ጥቁር ክር መጣ። ጠረግኩት። ክሩ አልጠፋም። ዓይኔን ወደ ግድግዳው ሳዞር አብሮኝ ዞረ። ማታ ላይ ክሩ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ሆነ። ዓይኔ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። ስኳሩ የጎዳቸው የሬቲና (ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) የደም ሥሮች ሌላ ደካማ ሥር እያበቀሉ፣ ያ ነው የፈነዳው። በሁለቱም ዓይኔ ላይ ሌዘር ተሠራልኝ። 32 ዓመቴ ነበር።

ከዚያ በኋላ የላኩኝ ወደ አንዲት የስኳር ነርስ ነው። እንደ ልማዴ መዝገቤን ሰጠኋት። ገለጥ ገለጥ አደረገችውና "ሁሉም ቁጥር ወይ ሙሉ ነው ወይ ተኩል" አለችኝ። መዝገቡን የምፈበርከው በእነሱ መለኪያ ነበር፣ 8፣ 8.5 እያልኩ። ቀና ብላ አላየችኝም፣ እሱ ነው ደግነቷ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "ኢንሱሊን ብትወስጂ ምን ይሆናል ብለሽ ነው የምትፈሪው?"

በ9 ዓመት ውስጥ ለምን አትወስጂም ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ምን ትፈሪያለሽ ያለኝ አልነበረም። ስለዚያ ሌሊት ነገርኳት፣ ስለ ወለሉ፣ ስለ ምላሴ። እያለቀስኩ።

ፍርሃትሽ መሠረት አለው አለችኝ። በአሜሪካና በካናዳ 1,441 ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት እንዳለ ነገረችኝ። ስኳራቸውን በጥብቅ የያዙት ሰዎች የዓይን ጉዳት የሚደርስባቸው ዕድል በ76 በመቶ ቀነሰ። ነገር ግን እነዚያው ሰዎች ስኳራቸው ክፉኛ ወርዶ የሰው እርዳታ የፈለጉበት ጊዜ ከሌሎቹ 3 እጥፍ ያህል ነበር። ያኔ ሴንሰር የሚባል፣ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ስኳርን ቀን ከሌሊት የሚለካ ነገር አልነበረም። ለእኔ በዚያው ሳምንት ክንዴ ላይ ለጠፈችልኝ። ከ80 ሲወርድ ስልኬ ይጮሃል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም እንዳልለውጥ ነገረችኝ። እዪው ብቻ አለችኝ። ለእኔ ከባዱ ይህ ነበር፣ ምክንያቱም ቁጥር ማየት ፍርድ የመስማት ያህል ነበር የሚሰማኝ። 340። 298። 370። በሦስተኛው ቀን አካባቢ ግን የሆነ ነገር ለቀቀኝ። 340 ምንም አይልም፣ አይቆጣም። ዝም ብሎ 340 ነው።

ከዚያ ቀስ ብለን ማውረድ ጀመርን። ቀስ ብለን የምለው በምክንያት ነው። እኔ አንዴ ከወሰንኩ ነገ 110 ልሁን ባይ ነኝ፣ እሷ ግን ያዝ አደረገችኝ። ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር ባንዴ ሲወርድ የታመመ ዓይን ለተወሰነ ጊዜ ሊብስበት ይችላል፣ ነርቭም እንደዚሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ከ250 በታች፣ ከዚያ ከ220፣ ከዚያ ከ200። በየመሃሉ የዓይን ምርመራ። ያም ሆኖ እግሬን ለሁለት ወር እሳት አቃጠለኝ፤ አንሶላ ሲነካኝ እንኳ አልችልም ነበር። ማንም ቀድሞ ካልነገራችሁ "መድኃኒቱ ነው የገደለኝ" ብላችሁ ታቆሙታላችሁ። እኔም ላቆም ምንም አልቀረኝ።

ሌላው ያልጠበቅኩት የውሸት መውረድ ነው። 140 ላይ ሆኜ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ልክ ያን ሌሊት እንደነበርኩት። ሰውነቴ 300ን ትክክለኛ ነው ብሎ ተቀብሎት ኖሯል፣ ጤነኛው ቁጥር ለእሱ አደጋ ነው። ሴንሰሩ 140 ይላል፣ ጣቴን ወግቼ አረጋግጣለሁ፣ 138። ትክክለኛ መውረድ ከ70 በታች ነው፤ ያኔ 15 ግራም ፈጣን ስኳር ወስዶ 15 ደቂቃ መጠበቅ ነው። በ140 ግን ምንም አይበላም። ቁጭ ብዬ እየተንቀጠቀጥኩ ቁጥሩን አያለሁ። ሁልጊዜ አልቻልኩም፣ አንዳንዴ ጁሱን ጠጥቼ 280 ገብቼ አድሬያለሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ግን አንድ ቀን 125 ላይ ሆኜ ልብስ ሳጥብ አገኘሁት ራሴን። ምንም አልተሰማኝም።

ሆዴ ላይ ደግሞ ሁለት እብጠት ነበረኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወጋው እዚያው ስለሆነ ቆዳው ሥር ስብ ተቋጥሯል። እዚያ ስትወጉ አያምም፣ ለዚህ ነው የምንወደው፣ ኢንሱሊኑ ግን እንደፈለገው ነው የሚገባው። ቦታ ስቀይር ያው መጠን ኃይሉ ጨመረና በመጀመሪያው ቀን 62 ወረድኩ። ቦታ የምትቀይሩ ሰዎች መጠኑን ከሐኪማችሁ ጋር ሳትነጋገሩ እንዳትጀምሩ።

ኪሎም ጨመርኩ፣ 6 ኪሎ። "ወፈርሽ" አሉኝ እነዚያው ሰዎች። ይሁን።

ኤ1ሲዬ 12.6፣ ከዚያ 10.8፣ ከዚያ 9.1፣ አሁን 7.7 ነው። ሴንሰሩ ከ70 እስከ 180 ባለው ውስጥ ከቀኑ ስንት በመቶውን እንደቆየሁ ያሳየኛል፤ ስጀምር 11 ነበር፣ አሁን 63። ግቡ 70 ነው። የሌሊት ሥራ ያለብኝ ሳምንት ላይ ሁሉም ነገር ይበላሻል፣ እሱን ገና አልፈታሁትም። የቀኝ ዓይኔ ምሽት ላይ እንደ ድሮው አያይም፣ እሱም አይመለስም።

ለእናቴ እውነቱን የነገርኳት 9.1 ስገባ ነው። ጥሩ ቁጥር ይዤ ልነግራት ፈልጌ ነው፣ ፈሪ ነኝ አላልኳችሁም? ብዙ ዝም አለች። አልተቆጣችም። "አሁን ሌሊት ማን ያይሻል?" አለችኝ ብቻ። ስልኬ አልኳት። ስልክ ምን ያውቃል አለች። በመጨረሻ የሴንሰሩን ቁጥር እህቴ ስልክ ላይ እንዲታይ አደረግን። እህቴ ስልኳን ካጣች ሦስተኛ ወሯ ነው፣ ማታ ማታ እናቴ ትራስ ሥር ነው የሚያድረው።

ባለፈው ወር ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እሷ ጋ ነግቷል።

"ተነሽ! 58 ይላል! ጁሱን ጠጪ!"

ዘልዬ ተነሳሁ። ጣቴን ወጋሁ፣ 131። ሴንሰሩ የሚለካው ደሙን ሳይሆን ቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ስንተኛበት ይጨፈለቅና የውሸት ዝቅ ያለ ቁጥር ያወጣል።

"ደህና ነኝ እማዬ፣ 131 ነኝ።"

"አትዋሺኝ።"

የመለኪያውን ፎቶ አንስቼ ላኩላት። እህቴን ቀስቅሳ አስነበበቻት፣ ስታነብላት ይሰማኛል።

"ታዲያ ምን ሆኖ ነው 58 ያለው?"

"ክንዴ ላይ ተኝቼበት ነው።"

ትንሽ ዝም አለች።

"እንግዲያው በዚያኛው ጎንሽ ተኚ" አለችና ዘጋችው።