ዝውውር ነው ወይስ ትውስት?

መስከረም 2017 ዓ.ም.

የምሠራበት የማማከር ድርጅት ከአዲስ አበባ ቅርንጫፉ ወደ ለንደን ቢሮው ሊያዛውረኝ መወሰኑን የሰማሁት ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነበር። የዚያን ዕለት የጠየቅሁት ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጄ ትምህርት ቤት ብቻ እንደነበር ሳስታውስ በራሴ እገረማለሁ፤ የሌላ ሰው ውል አንቀጽ በአንቀጽ ስመረምር የምውል ሰው፣ የምሄድበት ቪዛ ምን እንደሚባል እንኳ አልጠየቅሁም።

ስሙን ያወቅሁት የምደባ ደብዳቤው ሲደርሰኝ ነው። ‹‹ግሎባል ቢዝነስ ሞቢሊቲ›› ይባላል፤ ብሪታንያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 የቀድሞውን የድርጅት ውስጥ ዝውውር ቪዛ ተክታ ያወጣችው ነው። በዚያው ድርጅት ከብሪታንያ ውጭ 12 ወር የሠራ ሰው የእንግሊዝኛ ፈተና ሳይጠየቅ ስለሚሄድበት ለአሠሪ እጅግ ይመቻል። ለሠራተኛው ግን ጣጣው የሚመጣው ኋላ ነው። ደመወዙ በጣም ከፍ ያለ ካልሆነ በቀር በስድስት ዓመት ውስጥ ከአምስት ዓመት በላይ መቆየት አይችልም፤ የቆየበት ጊዜም ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድ አይቆጠርለትም። ‹‹ስኪልድ ወርከር›› በሚባለው ቪዛ የገባ ሰው ደግሞ ከጎኔ ተቀምጦ ያንኑ ሥራ እየሠራ፣ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ በነበረው ሕግ፣ አምስት ዓመት ሲሞላው ማመልከት ይችል ነበር።

ባለቤቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ብዙ ዓመት ስለሠራች ደብዳቤውን አንድ ጊዜ አንብባ፣ ‹‹ይሄማ ትውስት ነው እንጂ ዝውውር አይደለም›› አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ራሷን አረመች፤ እነርሱ ዘንድ በትውስት ለሄደ ሠራተኛ መደቡ ይጠበቅለታል፣ የእኔ ወንበር ግን ከወጣሁበት ወር ጀምሮ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። የፈተናውን ወጪ ራሴ ችዬ በሌላው ቪዛ ልሂድ ብዬ ድርጅቱን ብጠይቅ፣ ከውጭ ቅርንጫፍ ለሚመጡ ሠራተኞች አሠራሩ ይኸው ነው የሚል የሁለት መስመር መልስ ደረሰኝ።

ከሰነዶቹ ሁሉ ያደከመን የስም ጉዳይ ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይላል፤ የእኔ የአባቴ ስም ነው፣ የባለቤቴ የአባቷ፣ የልጃችን ደግሞ የእኔ የራሴ ስም፤ በአንድ ጣራ ሥር የምንኖር ሦስት ሰዎች በወረቀት ላይ የማንተዋወቅ እንመስላለን። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶቻችንን ይዘን ትርጉም ቤት ስንሄድ፣ በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ የሚያስረዳው ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ ጠበቀን። ተርጓሚው ከኛ በፊት የነበሩትን ሰዎች ስም አጥፍቶ የእኛን ተካና ማኅተሙን መታበት።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለጤና አገልግሎት በቅድሚያ የሚከፈለው ለአዋቂ በዓመት 1,035፣ ለልጅ 776 ፓውንድ ነው። ድርጅቱ የእኔን ብቻ ስለሚሸፍን፣ ለባለቤቴና ለልጄ የሦስት ዓመቱን 5,433 ፓውንድ የምከፍለው እኔ ነኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ስላለፈ፣ ለዓመታት በብር ያጠራቀምኩት ቁጠባ ለዚህ ክፍያ እንኳ መብቃቱ ያጠራጥረኛል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ትናንት ፈረምሁ፤ ሥራው ለዓመታት ስመኘው የኖርሁት ዓይነት ነውና። ከፊርማዬ በላይ ግን፣ እዚያው ሆኖ ቪዛ መቀየር ስለሚፈቀድ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ጥያቄዬ እንዲታይልኝ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በእጄ ጨመርሁ። ዛሬ የመጣልኝ መልስ፣ ደብዳቤውን ያለ ተጨማሪ ጽሑፍ እንደገና ፈርሜ እንድልክ የሚጠይቅ ነው።