ታኅሣሥ 21 ክርስትና ተነሥቼ ታኅሣሥ 23 ተወለድሁ

አንድ የአገር ቤት ወዳጄ ደውሎ «እናንተ ዘንድ ሁሉ ነገር በሰዓቱ ነው አሉ፤ እባክህ መንገዱን አሳየኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። ዴንማርክ ውስጥ ሰው ቡና ለመጠጣት ከሳምንታት በፊት ቀጠሮ ይይዛል። እንግዳው ቀድሞ ከደረሰ በር አያንኳኳም፤ ደቂቃዋ እስክትሞላ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። ለስድስት ሰዓት ተጠርቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንኳኑ የሚሞላ ሠርግ ለለመድን ለእኛ ይህ ያስደንቃል፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ደቂቃ የማይሳሳተው አገር የተወለድሁበትን ቀን ወስዶብኛል፤ ለመምጣት የምትሰናዱ ሁሉ ይህን እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ኮፐንሃገን ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ያለው የየንስ ኦልሰን የዓለም ሰዓት ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ ዴንማርካዊ የሥራ ባልደረባዬ በአገራቸው ሰው ጥበብ ስለሚኮሩ ይዘውኝ ሄዱ። ኦልሰን በፈረንጆቹ 1872 ሪበ በምትባል ትንሽ ጥንታዊ ከተማ የተወለደ ቁልፍ ሠሪ ነበር። በወጣትነቱ የስትራስቡርግን ካቴድራል ታላቅ ሰዓት አይቶ ልቡ ተነካ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በስሌትና በንድፍ ፈጀ። በ1945 ሲሞት ሰዓቱ አላለቀም ነበር። ኦቶ ሞርተንሰን የሚባል ባለሙያ ሥራውን ፈጸመው፤ በዲሴምበር 15 ቀን 1955 ንጉሥ ፍሬድሪክ ዘጠነኛ አስጀመሩት።

በመስታወት ውስጥ የቆመው ሰዓት ከ14 ሺህ በላይ ክፍሎች አሉት። በሳምንት አንድ ጊዜ በእጅ ይሞላል። ፈጣኑ ጥርሳም መዘውር በ10 ሴኮንድ አንዴ ሲዞር፣ ዘገምተኛው አንዴ ለመዞር 25,753 ዓመት ይፈጅበታል። የከዋክብትን አቀማመጥና የፀሐይና የጨረቃን ግርዶሽ ያሳያል።

እኔን ያፈዘዘኝ ግን በዓላት የሚወጡበት ክፍል ነው። ዓመቱን ሙሉ ጸጥ ብሎ ይቆያል፤ በአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ እኩለ ሌሊት ላይ ብቻ ተነሥቶ የመጪውን ዓመት ፋሲካና ሌሎቹን ተንቀሳቃሽ በዓላት ያወጣል። አበቅቴውን፣ ማለት በዓላት የሚሰሉበትን የጨረቃ ቁጥር፣ ሳይቀር ያሳያል! ባልደረባዬ «እናንተስ ፋሲካን በምን ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን የጨረቃ ዑደት ነገርኋቸው። ወንበሩን፣ ማለት ከዑደቱ ያለፉትን ዓመታት ቁጥር፣ በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፉት (አካፍለው ቀሪውን ሲይዙ) አበቅቴ፣ በ19 አባዝቶ እንዲሁ ሲገድፉት በዓላት የሚወጡበት ሌላው ቁጥር መጥቅዕ እንደሚገኝ፣ ሁለቱ ሲደመሩ 30 እንደሚሆኑ ገለጽሁላቸው። የእነርሱ ፋሲካ በጎርጎርዮስ ቀመር ስለሚወጣ ከእኛ ጋር ሁልጊዜ እንደማይገጥም፣ የእኛን ግን ደብተራው ያለ አንድ ጥርስ በቃሉ እንደሚያወጣው ስነግራቸው ሰውዬው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በሕይወቴ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ኩራቴን ያደፈረሰው ያቺ እኩለ ሌሊት ናት። በወረቀት የተወለድሁት በጃንዋሪ 1 ነውና።

እናቴ የወለደችኝ በ1978 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ታቦቱ ሲወጣ እልልታውን ምጥ ላይ ሆና ሰምታለች፤ ጎረቤት ሁሉ ምስክሯ ነው። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 1985 ማለት ነው። በአርባ ቀኔ፣ ታኅሣሥ 21 በማርያም ዕለት፣ ክርስትና ተነሣሁ። ጉዳዬን የያዘው መሥሪያ ቤት ግን በወሊድ ጊዜ የተሰጠ የመንግሥት ማስረጃ ስለሌለኝ ቃሌን ትቶ ጃንዋሪ 1 ቀን 1986 ብሎ ጻፈ። ይህም በእኛ ታኅሣሥ 23 ነው። ከተጠመቅሁ በኋላ ወለዱኝ!

ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ እዚህ ኖሮ ይየው። የዴንማርክ የግል መለያ ቁጥር የሚጀምረው በልደት ቀን ነው። ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ መድኃኒት ቤት፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የትም ስትሄዱ መጀመሪያ የምትናገሩት እርሱን ነው። አንድ ቀን አንድ ቢሮ ውስጥ እኔ፣ አንድ ኤርትራዊና አንድ አፍጋኒስታናዊ ተከታትለን ቁጥራችንን ተናገርን፤ ሦስታችንም ዜሮ አንድ፣ ዜሮ አንድ። ጸሐፊዋ ወደ ባልደረባዋ ዞራ «እነዚህ ሰዎች ሁሉ በአንድ ቀን ነው እንዴ የተወለዱት?» ብላ ሳቀች። ቋንቋው የማይገባን መስሏት ነው። ኤርትራዊው ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እኔ ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ቀኑን የሰጡን ራሳቸው ናቸው።

ዴንማርካውያን ደግሞ ልደት አጥብቀው ያከብራሉ። ጠረጴዛ ላይ ባንዲራቸውን ተክለው ይዘምራሉ። ከአዲስ ዓመት ዕረፍት ስንመለስ ለእኔም ይተክላሉ፤ ከልባቸው ነው፣ አመሰግናቸዋለሁ። የማላውቀውን ቀን «እንኳን አደረሰህ» ሲሉኝ ግን ኬኩ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ቀኑ እንዲታረም አመልክቻለሁ፤ የክርስትና ምስክርነት አይበቃም ተብዬ ተመለስሁ።

ስለዚህ ሻንጣ ከመግዛታችሁ በፊት የልደት ምስክር ወረቀታችሁን አውጡ፤ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 7 ይደምራል፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን የተወለደ 8። በዘመነ ዮሐንስ ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል። ወርና ቀኑንም አስልታችሁ አረጋግጡ፤ ፓስፖርታችሁና የትምህርት ማስረጃችሁ አንድ ቀን ይናገሩ። አስተርጓሚ «ለማሳጠር ጃንዋሪ አንድ እንበል» ቢላችሁ እሺ አትበሉ፤ ቀናችሁ እስኪጻፍ ድረስ አትፈርሙ።